በጨለማ ባሕር ውስጥ የሚበሩት ቀያይ ነጥቦች፦ የሌሊት ሽሪምፖች እንዴት ይታያሉ?

ሰሞኑን ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባሉት ካፌዎች ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ አጭር ቪዲዮ አለ። ድቅድቅ ባለ ጨለማ፣ ውሃ ውስጥ፣ አንድ ጠላቂ የእጅ ባትሪውን ወደ ኮራል ድንጋይ ያዞራል። ወዲያው ከየስንጥቁ ጥንድ ጥንድ ቀያይ ነጥቦች ቦግ ይላሉ። ባትሪው ሲዞር ይጠፋሉ፤ ሲመለስ እንደገና ይበራሉ። በአጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች አስተያየት ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «በኮምፒውተር የተቀናበረ ነው» አለ፤ ገሚሱ ደግሞ «የራሳቸው መብራት ያላቸው ፍጥረታት ናቸው» አለ።

እንዲህ ያለው ትዕይንት በሞቃት ባሕሮች ውስጥ የየምሽት ነገር ነው፤ ማቀናበር አያስፈልገውም። ነጥቦቹ የሽሪምፕ ዓይኖች ናቸው። መብራቱ ግን የእነርሱ ሳይሆን የጠላቂው ነው።

በከተማችን ስለ ባሕር ብዙ ይወራል፤ ወሬው ግን ወደቡ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከመርከቦቹ በታች ማን እንደሚኖር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እስቲ ዛሬ ትንሽ ዝቅ እንበል።

ለመሆኑ ሽሪምፕ ስንል የትኛውን ነው?

አብዛኞቻችን ሽሪምፕን የምናውቀው፣ ካወቅነውም፣ በሆቴል የምግብ ዝርዝር ላይ ነው፤ በረዶ ቤት የቆየ፣ የተጠቀለለና ሮዝ ቀለም ያለው። በሕይወት ያለው ግን ሌላ ነው። አሥር እግሮች፣ በዘንግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ዓይኖች፣ ብዙ ጊዜ ከሰውነቱ የሚረዝሙ ፂሞችና በአንድ ምት ወደ ኋላ የሚያስፈነጥረው ጅራት አለው። ካሪዲያ የሚባለው አንዱ የሽሪምፕ ክፍል ብቻ ከ3,000 በላይ የታወቁ ዝርያዎችን ይዟል። ከአንድ የእህል ፍሬ ብዙም የማይበልጡ አሉ፤ ከሰው መዳፍ የሚረዝሙም አሉ።

ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባለውና በኃይለኛ ቡጢው የታወቀው እንስሳ በስሙ ቢመሳሰልም ከእነዚህ ወገን አይደለም።

ለምን ሌሊትን ይመርጣሉ?

በቀን የሚያድኑ ዓሦች የሚያድኑት በዓይናቸው ነው። ለስላሳ ሥጋና ስስ ቅርፊት ያለው ሽሪምፕ በጠራራ ፀሐይ አሸዋ ላይ ወጥቶ ቢንሸራሸር ዕድሜው የደቂቃዎች ነው። ስለዚህ ቀኑን በስንጥቅ፣ በዋሻ፣ በኮራል ቅርንጫፎች መካከል ወይም አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ያሳልፋል። ሲመሽ ወጥቶ በድንጋይ ላይ የበቀለውን፣ የሞተውንና የወደቀውን፣ ጥቃቅን ትሎችን ይለቅማል።

የቀኑና የሌሊቱ ተረኞች ግን በአንድ ቅጽበት አይቀያየሩም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የቀኖቹ ዓሦች ወደየመደበቂያቸው ገብተው፣ የሌሊቶቹ ገና ሳይወጡ፣ ኮራሉ ጭር የሚልባቸው ጥቂት ደቂቃዎች አሉ። በዚያ ሰዓት የገባ ጠላቂ «ምንም የለም» ብሎ ቶሎ ሊወጣ ይችላል። ትንሽ ከታገሠ ግን ድንጋዩ ሁሉ መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ከባሕር ዳርቻ ርቆ በሚገኘው ጥልቅ ውሃ ደግሞ ነገሩ ይሰፋል። ቀኑን በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ጥልቀት ውስጥ የሚያሳልፉ ሽሪምፖችና ሌሎች ጥቃቅን እንስሳት ሲመሽ ወደ ላይኛው ውሃ ይወጣሉ፤ ሊነጋ ሲል ተመልሰው ይወርዳሉ። በምድር ላይ ካለው የእንስሳት ዕለታዊ ጉዞ ሁሉ በብዛቱ ትልቁ ይህ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችንን ወፎች ፍልሰት እያደነቅን ላደግን ሰዎች፣ በየዕለቱ ማታ የሚደረግ እንዲህ ያለ ፍልሰት መኖሩ ለማመን ይከብዳል።

ብርቅ የሆኑት ቁጥራቸው አንሶ ነው?

አንዳንዶቹ በእርግጥ ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹ ግን ብርቅ የሚባሉት እኛ ባሕሩን የምናየው በቀን ስለሆነ ነው። እነርሱ ሲወጡ እኛ እራት ላይ ነን።

ሳሮን ማርሞራተስ የሚባለውን እንውሰድ። ከቀይ ባሕር እስከ ሃዋይ የሚኖር፣ በአረንጓዴና በቡናማ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ ሽሪምፕ ነው፤ ሰውነቱ ላይ እዚህም እዚያም ቁንጮ የመሰለ ፀጉር አለበት። የወንዱ የፊት እግሮች ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠን ርዝመት አላቸው። ይህን ያህል ሰፊ ባሕር የያዘ እንስሳ በቁጥር ብርቅ ነው ሊባል አይችልም። ሆኖም በዚያው ቦታ ለዓመታት በቀን ሲዋኝ የኖረ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ላያየው ይችላል።

ሁለተኛው ዓይነት ብርቅነት የአድራሻ ጉዳይ ነው። ዘኖፖንቶኒያ ሬክስ የተባለው፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነው ሽሪምፕ በሌሎች እንስሳት ጀርባ ላይ ይኖራል። ዝነኛው ቤቱ ሄክሳብራንከስ የሚባል፣ ዛጎል የሌለው ትልቅ ቀይ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ቀንድ አውጣው ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ የሚወጣውም ሌሊት ነው። ሽሪምፑ የተሸካሚውን ቀይና ነጭ ቀለም ለብሶ፣ በተለይ በጀርባው ላይ በተከፈተው አበባ መሰል መተንፈሻ ሥር ይቀመጣል። ሽሪምፑን የሚፈልግ ሰው ሽሪምፕ አይፈልግም፤ ቀንድ አውጣውን ይፈልጋል። ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች የባሕር ጃርት እሾህ መካከል፣ በባሕር ኪያር ቆዳ ላይ፣ በየኮራሉ ክንድ ሥር ዓይናቸውን የሚተክሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ዓይናቸው ለምን ያበራል?

የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው፤ ትንሽ ረጋ ብለን እንየው።

ሽሪምፕ እንደ ዝንብ ከብዙ ጥቃቅን ዓይኖች የተሠራ ዓይን አለው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የዝንብ ጥቃቅን ዓይኖች ፊታቸው ባለ ስድስት ማዕዘን ሲሆን የሽሪምፕ ግን ካሬ ነው። ካሬው ያለ ነገር አልመጣም። እያንዳንዱ ጥቃቅን ዓይን ግድግዳው በመስታወት የተለበጠ ሳጥን ነው፤ ብርሃን ገብቶ ከሳጥኑ ጎኖች እየነጠረ ወደ ውስጥ ይላካል። በቀጤ ማዕዘን የተገጣጠሙ ሁለት መስታወቶች ብርሃንን ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ይመልሳሉ፤ ባለ ስድስት ማዕዘን ሳጥን ይህን ማድረግ አይችልም። በዚህ መንገድ ብዙ ሳጥኖች የሰበሰቡት ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ ይደረባል፤ ደካማ ብርሃንም ጠንከር ያለ ምስል ይፈጥራል።

ይህን አሠራር የደረሱበት ክላውስ ፎክት እና ማይክል ላንድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1975 ክሬይፊሽ በሚባለው የወንዝና የሐይቅ የሽሪምፕ ዘመድ ላይ፣ ሁለተኛው በ1976 በሽሪምፕ ላይ። ከዚያ በፊት ሳይንቲስቶች ዓይኑ በሌንስ የሚሠራ መስሏቸው ግራ ሲጋቡ ቆይተዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሮጀር ኤንጅል የተባለ የሥነ ፈለክ ባለሙያ ይኸው የመስታወት ሳጥን ለኤክስ ሬይ ቴሌስኮፕ ሊውል ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ቻይና ጥር 9 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር ያመጠቀችው አይንሽታይን ፕሮብ የተባለ የጠፈር ቴሌስኮፕ ሰፊውን ሰማይ የሚቃኘው በዚህ ንድፍ በተሠራ መሣሪያ ነው። ስንጥቅ ውስጥ የሚደበቅ እንስሳ ዓይን ጠፈር ድረስ ይደርሳል ብሎ ማን ይገምታል?

ወደ ቀዩ ነጥብ እንመለስ። ከዓይኑ በስተጀርባ ብርሃንን የሚመልስ ሽፋን አለ። ብርሃን ተቀባዩ ሕዋስ በመጀመሪያው ጉዞ ያልያዘውን ብርሃን ሽፋኑ መልሶ ያሳልፈዋል፤ ለመያዝ ሁለተኛ ዕድል ይሰጣል ማለት ነው። ድመትና ጅብም ተመሳሳይ ሽፋን አላቸው። በዚያኛውም ጉዞ ሳይያዝ ያመለጠው ብርሃን ከዓይኑ ይወጣል፤ ለእኛ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። ቀን ቀን ጠቆር ያለ ቀለም በሳጥኖቹ መካከል ተዘርግቶ ይህን መንገድ ይዘጋዋል። ሲጨልም ቀለሙ ይሰበሰባል፤ መንገዱም ይከፈታል። አንድ ሽሪምፕ በቀን በባትሪ ሲበራበት እንደ ሌሊቱ የማይንቦገቦገው ለዚህ ነው።

አንድ ወሳኝ ነገር ይቀራል፦ የተመለሰው ብርሃን የሚሄደው ወደ መጣበት ነው። ስለዚህ ዓይኑ ሲያበራ የሚያየው ባትሪው አጠገብ ያለ ሰው ብቻ ነው። ባትሪውን ወገቡ ላይ ይዞ የሚያበራ ሰው መቶ ሽሪምፕ ፊቱ ቢቆሙ አንዱንም ላያይ ይችላል። ባትሪውን ወደ ጆሮ ግንዱ ከፍ ያደረገ እንደሆነ ግን ብዙ ሜትር ርቀው ያሉት ሳይቀሩ ይበሩለታል።

ይህን ለማመን ባሕር መውረድ አያስፈልግም። ሣር ባለው ግቢ ውስጥ ማታ የስልክ መብራትን ከዓይን ጎን አስጠግቶ መሬቱን በዝግታ መቃኘት ነው። በሣሩ መካከል እንደ ጤዛ ብልጭ የሚሉና ሲጠጉዋቸው የሚሮጡ ነጥቦች ካሉ፣ አዳኝ ሸረሪቶች ናቸው። በዓይናቸው ውስጥ ያለው ሽፋን ሥራው ያው ነው።

ቀይ ሽሪምፕ እንዴት ይደበቃል?

ብዙዎቹ የሌሊት ሽሪምፖች በሕይወታቸውም ቀያዮች ናቸው። ለመደበቅ የማይመች ቀለም ይመስላል። ውሃ ግን ከብርሃን ቀለሞች ሁሉ ቀድሞ የሚውጠው ቀዩን ነው፤ አሥር ሜትር ገደማ ሲወረድ አብዛኛው ቀይ ብርሃን አልቋል። ቀይ ነገር ቀይ ሆኖ የሚታየው ቀይ ብርሃን ሲያገኝ ነው፤ ካላገኘ ጥቁር ነው። ጠላቂው የሚያየው ደማቅ ቀይ ባትሪው ይዞት የወረደው እንጂ የባሕሩ አይደለም።

በተጨማሪም አብዛኞቹ ሽሪምፖች አጥርተው የሚያዩት ሰማያዊና አረንጓዴውን ብርሃን ነው፤ ቀዩን እምብዛም አይለዩትም። ባትሪው ላይ ቀይ ማጣሪያ የሚያደርጉ ጠላቂዎች ይህን ያውቃሉ። በነጭ ብርሃን ወደ ኋላ ተፈንጥሮ የሚጠፋ ሽሪምፕ በቀይ ብርሃን ሥር ምግቡን መልቀሙን ይቀጥላል።

ጠላቂው ውሃ ውስጥ ምን ያደርጋል?

ለሽሪምፕ ሲባል ጥልቅ መውረድ አያስፈልግም። ከአምስት እስከ አሥራ ሁለት ሜትር ያለው ኮራል ከበቂ በላይ ነው፤ አየሩም ይበረክታል። ቦታውን በቀን አስቀድሞ ማየት፣ ከአጋር ጋር መግባትና ሁለት ሁለት ባትሪ መያዝ የተለመደ ሥርዓት ነው፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ። በጅቡቲ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ውሃ ውስጥ መሆን ጥሩ ጊዜ ነው። ጨረቃ ሙሉ የሆነችባቸው ምሽቶች ለዓይን ቢያምሩም ለዚህ ሥራ አይመረጡም፤ ብዙዎቹ የሌሊት እንስሳት በጨረቃ ብርሃን ቁጥብ ይሆናሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው የዝግታ ሥራ ነው። ሰፊ ቦታ የሚያዳርስ ጠላቂ ትንሽ ያያል፤ አንድ መኪና የምታህል ድንጋይ ይዞ የሚቆይ ብዙ ያያል። መጀመሪያ ዓይኖቹን ከሩቅ መለየት፣ ቀጥሎ ብርሃኑን ከላያቸው አንሥቶ ጠርዙ ብቻ እንዲነካቸው ማድረግ፣ ከዚያ ትንፋሽን ቀስ እያደረጉ መጠጋት ነው። በእግር መቅዘፊያ አሸዋ ያስነሣ ሰው ሁሉን ነገር አበላሸ።

አንድ ክንድ ያህል ሲቀርብ መጀመሪያ የሚታየው ሰውነቱ አይደለም። ከስንጥቁ አፍ የወጡ፣ በውሃው ውስጥ በየአቅጣጫው የሚወዛወዙ ነጫጭ ክሮች ይታያሉ። እነዚህ ፂሞቹ ናቸው፤ ስቴኖፐስ ሂስፒደስ የተባለው ሽሪምፕ ከሆነ ስድስት ናቸው፤ ቆጥሮ ማረጋገጥ ይቻላል። ቀጥሎ ነጭና ቀይ ሸንተረር ያለባቸው ረጃጅም መቆንጠጫዎች፣ በመጨረሻ ሰውነቱ። ይህ ዝርያ የዓሦችን ቆዳ ከጥገኛ ተውሳክ የሚያጸዳ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከተጓዳኙ ጋር በአንድ ጉድጓድ ስለሚኖር አንዱ ከታየ ሁለተኛውን መፈለግ ተገቢ ነው።

ጆሮም ሥራ ያገኛል። በሞቃት ባሕር ኮራል አጠገብ የሚሰማው የማያቋርጥ መንጣጣት የተኳሽ ሽሪምፖች ድምፅ ነው። አንደኛው መቆንጠጫቸው ከሌላው እጅግ ይገዝፋል፤ ሲዘጋ የሚያስፈነጥረው ውሃ አረፋ ይፈጥራል፤ ድምፁ የሚወጣው አረፋው ሲፈርስ ነው። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ከዚያ በፊት መቆንጠጫው ሲጋጭ የሚሰማ ይመስል ነበር። በዓመቱ ደግሞ አረፋው ሲፈርስ ውስጡ ለአፍታ 5,000 ኬልቪን (4,700 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ያህል እንደሚግል ተለካ። እንስሳውን ማየት ግን አስቸጋሪ ነው፤ ይሰማል እንጂ አይታይም።

ብርሃኑ አይጎዳቸውም?

ሊጎዳቸው ይችላል፤ ጉዳቱም ከምናስበው በተለየ መንገድ ይመጣል። ላዮንፊሽ የሚባለው ባለ መርዝ እሾህ ዓሣ ሌሊት ከጠላቂዎች ጎን ጎን መዋኘት ይለምዳል። ባትሪው የሚያርፍበትን ይከተላል፤ ሽሪምፕ ላይ ብርሃን ተተክሎ ከቆየ ዘልሎ ይውጠዋል። ፎቶግራፍ ለማንሣት አንድን ሽሪምፕ ረጅም ጊዜ በብርሃን ያሰረ ሰው የሚወስደው የእንስሳውን የመጨረሻ ፎቶግራፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ላዮንፊሽ ሲታይ ባትሪውን ወደ ባዶ አሸዋ ማዞር ደንብ ሊሆን ይገባል ባይ ነኝ። እንስሳውን በእንጨት ገፍቶ ከጉድጓዱ ማስወጣት፣ ከተሸካሚው ላይ ማንሣትም ሆነ ድንጋይ መገልበጥ ጨርሶ የማይደረግ ነው።

ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው የተለየ ነገር አለ?

አለ፤ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ጨለማው ወይም ሻርኩ አይደለም፤ ወደ ቤት መመለሱ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው የመጥለቂያ ባሕር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል የሚርቀው የጅቡቲ ነው፤ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች ኮራል። በሰሜን በኩል ምጽዋና የዳህላክ ደሴቶች አሉ። ወደዚያ መውረዱ ችግር የለበትም። ችግሩ ያለው መልሱ ላይ ነው።

ጠላቂ የሚተነፍሰው የታመቀ አየር ነው። አሥር ሜትር ላይ ግፊቱ ባሕር ወለል ላይ ካለው እጥፍ ይሆናል፤ በዚህ ግፊት ከአየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ከውሃ ከተወጣ በኋላ በቀስታ በሳንባ በኩል ይወጣል። ግፊቱ በድንገት ከቀነሰ ግን የአምቦ ውሃ ክዳን ሲከፈት እንደሚሆነው በሰውነት ውስጥ አረፋ ይፈጠራል። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ መፍዘዝ፣ ሲከፋም ሽባነት ያስከትላል። ሕክምናው ኦክስጅንና ከፍተኛ ግፊት ያለው የሕክምና ክፍል ነው።

በዚህ የተነሣ ከመጥለቅ በኋላ ወዲያው አይበረርም። የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት የሆነው ዳን የሚመክረው፣ ለአንድ ጊዜ ቀላል መጥለቅ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ለተጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየትን ነው። ምክሩ የሚመለከተው ከ600 ሜትር በላይ የሚደረግን ማንኛውንም መውጣት ነው።

አውሮፕላን በሰማይ ላይ ሳለ ውስጡ ያለው ግፊት በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው የአየር ግፊት እንዳያንስ ተደርጎ ይሠራል። አዲስ አበባ ያለችው 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህላል። በባሕር ዳር ከተማ የሚኖር ሰው በረራው ሲያልቅ ወደ ሙሉ ግፊት ይመለሳል። የእኛ በረራ ግን ቦሌ ላይ አያልቅም፤ ቤታችን ሶፋ ላይ ተቀምጠንም እዚያው ከፍታ ላይ ነን።

«እንግዲያው በባቡር ልመለስ» የሚል ብልህ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1917 ከጅቡቲ ተነሥቶ ለገሃር የደረሰው አሮጌው ሐዲድም ሆነ በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ ባቡር የሚወጡት ያንኑ ደጋ ነው። ድሬዳዋ ራሷ ከ1,000 ሜትር በላይ ናት። በጋላፊ በኩል በመኪና የሚመጣም ከዚህ አያመልጥም። ሰውነት የሚቆጥረው ከፍታውን ነው፤ የተሳፈረበትን አይጠይቅም።

እዚሁ ከተማ በሆቴል መዋኛ ገንዳ ትምህርት ለሚጀምሩም አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ከ300 ሜትር በላይ የሚደረግ መጥለቅ በራሱ የደጋ መጥለቅ ይባላል፤ የጥልቀት ስሌቱም ለከፍታው ይስተካከላል። አሠልጣኙን ስለዚህ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሂሳቡ ሲሠራ እንዲህ ይመጣል። ቅዳሜን ሙሉ ቀን ሲጠልቅ ውሎ የሌሊቱን ጉዞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ያጠናቀቀ ሰው፣ 18 ሰዓቱ የሚሞላለት እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። የእሑድ ጠዋት ትኬት የቆረጠ እንደሆነ ወይ ትኬቱን ይቀይር፣ ወይ የቅዳሜን ሌሊት ሽሪምፕ ይተወው። የሚሻለው ትኬቱን ከመጀመሪያው ለሰኞ መቁረጥ ነው።